ከብራውዘር ቅጂ ወደ ጫና ሙከራ፦ የአንድ ሰው ዱካ የብዙ ሰው ጉዞ የሚሆነው እንዴት ነው?

መስከረም 21 ቀን የሚከበረው የግሸን ማርያም በዓል ሲቃረብ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በተሳላሚ ይሞላል። ወደ አምባሰል የሚያልፈው ምእመን ብዙው የሚያቋርጠው በዚህ ከተማ በመሆኑ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ ድረስ ላለው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ የሚሆን የአውቶቡስ ትኬት በእነዚያ ቀናት ብርቅ ይሆናል። ትኬቱ በድረ ገጽ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ መናኸሪያ ይሰለፍ የነበረው ሰው ሁሉ በማይታይ በር ላይ ይሰለፋል። ዓመቱን ሙሉ ያለ እንከን ሲሠራ የቆየ ድረ ገጽ ልክ በሚፈለግበት ሰዓት ሲንቀራፈፍ፣ ከዚያም ጭራሹን መልስ መስጠት ሲያቅተው፣ ባለቤቱም ተጠቃሚውም «ኔትወርክ ነው» ብለው ያልፉታል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ኔትወርክ አይደለም፤ ድረ ገጹ ስንት ሰው እንደሚችል አስቀድሞ የለካ ሰው አለመኖሩ ነው።

ይህን አስቀድሞ የመለካት ሥራ የጫና ሙከራ ይባላል። እውነተኞቹ ተጠቃሚዎች ከመምጣታቸው በፊት እንደ እነሱ የሚጠይቁ ብዙ ሰው ሠራሽ ተጠቃሚዎችን በድረ ገጹ ላይ መልቀቅና የሚሆነውን መመዝገብ ማለት ነው። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የአይጠየፍ የግብር አዳራሽ ስንት ሰው እንደሚያስተናግድ አንድ እንግዳ አስገብቶ፣ አብልቶና አሰናብቶ ማወቅ አይቻልም። መጀመሪያ የሚጠበው በሩ ይሁን፣ ወጥ ቤቱ ይሁን፣ ወይስ የአሳላፊዎቹ ቁጥር፣ የሚታወቀው አዳራሹ ሲሞላ ነው። ድረ ገጽም እንዲሁ ነው።

ሰው ሠራሹ ተጠቃሚ ምን ማድረግ እንዳለበት ማን ይነግረዋል? የተለመደው መንገድ አንድ ሰው ትኬት ሲገዛ ብራውዘሩ (ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም) የላካቸውን ጥያቄዎች ሁሉ መቅዳት፣ ከዚያም ቅጂውን የሙከራው መሣሪያ ሊያነበው ወደሚችል ጽሑፍ መለወጥ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከማገኛቸው ወጣት ፕሮግራመሮች ብዙዎቹ ይህን መንገድ ያውቁታል፤ ነገር ግን «ቅዳ፣ ለውጥ፣ በ500 አባዛ» በሚል አጭር ትእዛዝ ይረዱታል። ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ቅጂው የአንድ ሰው፣ የአንድ ቀን፣ የአንድ ወንበር ታሪክ ነውና አንዱን ሰው ብዙ ሰው የማድረጉ ሥራ ከልወጣው በኋላ ይጀምራል።

ብራውዘሩ የሚቀዳው ምንድን ነው?

አንድ ገጽ ስንከፍት አንድ ነገር ብቻ የተከፈተ ይመስለናል። ብራውዘሩ ግን ጽሑፉን ለብቻ፣ እያንዳንዱን ሥዕል ለብቻ፣ የፊደሉን ቅርጽ ለብቻ፣ የወንበሮቹን ዝርዝር ለብቻ እየጠየቀ ያመጣል። እያንዳንዱ መላክ «ጥያቄ»፣ ሰርቨሩ የሚመልሰው ደግሞ «ምላሽ» ይባላል። ሰርቨር ድረ ገጹ የተቀመጠበትና ጥያቄዎቹን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር ነው። አንድ ሰው ገብቶ፣ ቀን መርጦ፣ ወንበር ይዞ፣ ከፍሎ እስኪወጣ ድረስ 60 ጥያቄዎች ተልከዋል እንበል፤ ይህን ቁጥር ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

ክሮምም ሆነ ፋየርፎክስ እነዚህን ጥያቄዎች ከነምላሻቸው መዝግቦ በአንድ ፋይል ያስቀምጥልናል። ፋይሉ «ሃር» ይባላል፤ ኤችቲቲፒ አርካይቭ ለሚለው ምሕጻር ነው፤ በብራውዘርና በሰርቨር መካከል የሚደረገው ምልልስ መዝገብ እንደ ማለት። ቅርጹን ያወጡት በፋየርፎክስ ላይ ይጫን በነበረው ፋየርበግ በተባለ መሣሪያ ላይ ይሠሩ የነበሩት የን ኦድቫርኮና ባልደረቦቻቸው ናቸው። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩስሪሲ እ.ኤ.አ. በ2012 በረቂቅነት ይዞት ነበር፤ ረቂቁ ሳይጸድቅ ቢቀርም ብራውዘሮቹና የሙከራ መሣሪያዎቹ ሁሉ ቅርጹን ተቀብለው እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል።

አቀዳዱ ቀላል ነው። በኮምፒውተር ላይ ኤፍ 12 የተባለውን ቁልፍ ተጭኖ «ኔትወርክ» የሚለውን ክፍል መክፈት፣ ከገጽ ወደ ገጽ ሲታለፍ መዝገቡ እንዳይጠፋ «ፕሪዘርቭ ሎግ» የሚለውን ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ ትኬቱን እንደ ማንኛውም ሰው መግዛትና በመጨረሻ መዝገቡን ወደ ፋይል ማውጣት ነው። ቅጂውን በግል መስኮት ከፍቶ መጀመር ይሻላል፤ አለዚያ ብራውዘሩ ከዚህ በፊት ያስቀመጣቸውን ሥዕሎች ከራሱ ዘንድ ስለሚያወጣ፣ መጀመሪያ የሚመጣ ተጠቃሚ ሰርቨሩን የሚጠይቀው ጥያቄ በሙሉ በቅጂው ላይ አይገኝም።

አንዱን መዝገብ ቀርበን ብናየውስ?

ፋይሉ ጄሰን በሚባል አጻጻፍ የተጻፈ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም ይከፈታል። ከ60ዎቹ መካከል ወንበር የተያዘበትን አንዱን እናውጣ።

መጀመሪያ ጥያቄው የተነሣበት ሰዓት ይገኛል፤ 05:30:12 ይላል። እኛ ትኬቱን የያዝነው ከጠዋቱ 2:30 ነበር፤ ክሮም ሰዓቱን የሚጽፈው በግሪንዊች አቆጣጠር በመሆኑ ነው የሚለየው። ይህን የማያውቅ ሰው የብራውዘሩን መዝገብ ከሰርቨሩ መዝገብ ጋር ሲያመሳክር ሦስት ሰዓት ሙሉ ይስትና የሌለ ስህተት ሲፈልግ ይውላል። ቀጥሎ የጥያቄው ዓይነት አለ፤ «ፖስት» ይላል፤ ይህም ለማየት ብቻ ሳይሆን መረጃ ለማስረከብ የተላከ ጥያቄ ነው። የተላከው መረጃም ተዘርዝሯል፦ የጉዞው ቀን፣ የመኪናው መለያ፣ ወንበር ቁጥር 14፣ የተሳፋሪው ስልክና ከእነዚህ ሁሉ በታች ትርጉም የሌለው የሚመስል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር። የዚህን ድርድር ነገር በኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ ምላሹ ይመጣል፤ የምላሹ መለያ ቁጥር 200 ነው፤ «ጥያቄህ ደርሶኛል፣ መልሱ ይኸውና» ማለት ነው። በመጨረሻም የወሰደው ጊዜ በሚሊ ሰከንድ ተከፋፍሎ ተጽፏል። አንድ ሰከንድ 1,000 ሚሊ ሰከንድ ነው። በምሳሌያችን አጠቃላዩ 910 ሲሆን 1 ለመላክ፣ 840 ለመጠበቅ፣ 69 ለመቀበል የሄደ ነው እንበል። «መጠበቅ» የሚለው ክፍል የመንገዱን ምልልስ ቢጨምርም በዋናነት ሰርቨሩ ሲያስብ የቆየበት ጊዜ ነው፤ እዚህ ላይ 840 ሚሊ ሰከንድ ካየን፣ ድረ ገጹ አንድ ሰው ብቻ ይዞም ቢሆን ወንበር ለመያዝ ወደ አንድ ሰከንድ የሚጠጋ ጊዜ እየፈጀ እንደሆነ ሙከራው ሳይጀመር እናውቃለን።

«መለወጥ» ሲባል ምን ይደረጋል?

የሙከራ መሣሪያዎች ሃር ፋይልን እንዳለ አያስኬዱም። ጄሜትር የተባለውና ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚታወቀው የአፓቺ መሣሪያ የራሱን የሙከራ ዕቅድ በኤክስኤምኤል ያነባል። ኬ ሲክስ የተባለው በጃቫስክሪፕት የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ስክሪፕት (የትእዛዝ ጽሑፍ)፣ ሎከስት የተባለው ደግሞ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ይፈልጋል። ጋትሊንግ ሃር ፋይል ተቀብሎ ወደ ራሱ ስክሪፕት የሚቀይር መቅጃ አብሮት ይመጣል። ሲጅ የተባለው ቀላሉ መሣሪያ አድራሻዎች በየመስመሩ የተጻፉበት ተራ ዝርዝር ይበቃዋል። ስለዚህ ለዋጭ የሚባለው ፕሮግራም መዝገቦቹን አንድ በአንድ አንብቦ፣ በተነሡበት ሰዓት አሰልፎ፣ ለእያንዳንዱ «ወደዚህ አድራሻ ይህን ላክ» የሚል ትእዛዝ በመሣሪያው ቋንቋ ይጽፋል።

ለዋጩ ከፋይሉ የሚወስደው የጥያቄውን ወገን ነው፤ ምላሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ይቀራሉ። ከጥያቄውም ቢሆን ሊጣሉ የሚገባቸው አሉ። ብራውዘሩ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር አጫጭር ማስታወሻዎች ያያይዛል፤ ከእነዚህ የመረጃውን ርዝመት የሚናገረው መሣሪያው ራሱ አዲስ ስለሚያሰላው ይወጣል። «ከዚህ ቀን ወዲህ ካልተለወጠ አትላክልኝ» የሚሉት ማስታወሻዎች ይወጣሉ። ድረ ገጹ በኤችቲቲፒ ሁለተኛ እትም የሚሠራ ከሆነ ስማቸው በሁለት ነጥብ የሚጀምር ማስታወሻዎች በቅጂው ይገኛሉ፤ እነሱ እንዳሉ ከተላኩ ሰርቨሩ ጥያቄውን አልቀበልም ሊል ይችላል። በቅጂው ውስጥ ያለው ኩኪም ይወጣል። ኩኪ ሰርቨሩ ተጠቃሚውን ለይቶ ለማወቅ ብራውዘሩ ዘንድ የሚያስቀምጠው ምልክት ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ሠራሽ ተጠቃሚ የራሱን ኩኪ ከሰርቨሩ እንዲቀበል ማድረግ ይገባል፤ አለዚያ 500 ተጠቃሚዎች በአንድ ሰው ስም ይገባሉ።

ቅጂውን እንዳለ ብናባዛው ምን ይከተላል?

አምና ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ትኬት ሻጭ ድርጅት ከበዓል በፊት ድረ ገጹን እንድፈትሽለት ጠየቀኝ። ቅጂውን ቀዳሁ፣ ለወጥሁ፣ 300 ሰው ሠራሽ ተጠቃሚዎችን ለቀቅሁ። ውጤቱ ያስደስት ነበር፤ አንድም ስህተት የለም፣ ምላሹ ሁሉ 200 ነው፣ ፍጥነቱም አንድ ሰው ብቻ ከሚጠቀምበት ጊዜ ይልቅ የተሻለ ነበር። ለባለቤቱ «አይዞህ፣ ይችላል» አልሁት።

ማታ ቤቴ ገብቼ መዝገቡን እንደገና ሳገላብጥ ግን አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። ወንበር ለሚያዝበት ጥያቄ የመጡት ምላሾች ከመጀመሪያው በስተቀር ሁሉም በመጠን አንድ ነበሩ። አንዱን ከፍቼ አነበብሁት፤ «ይህ ወንበር ተይዟል» ይላል። ቅጂውን ስቀዳ ይዤ በኋላ የለቀቅሁት ወንበር ቁጥር 14 ስለነበር 300ዎቹም የጠየቁት ይህንኑ ወንበር ነው፤ የመጀመሪያው አገኘ፣ ሌሎቹ ተመለሱ። ድረ ገጹ እምቢታውን የሚናገረው በ200 ቁጥር በመሆኑ መሣሪያው «ተሳክቷል» ብሎ ቆጠረው። እምቢ ማለት ደግሞ ለሰርቨር እጅግ ቀላል ሥራ ነው፤ ክፍያ የለበትም፣ ትኬት ማዘጋጀት የለበትም፣ የሚጻፍ ነገር የለበትም። ሰርቨሩ ከባዱን ሥራ የሠራው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። በማግስቱ ወደ ባለቤቱ ሄጄ ቃሌን መመለስ ነበረብኝ፤ ያን ቀን ባልሄድ ኖሮ የሚጎዱት እኔ በሰጠሁት ማረጋገጫ ተማምነው ገንዘባቸውን በስልክ የሚያንቀሳቅሱ ተጓዦች ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ሁለት ነገሮችን ሳላደርግ ሙከራ አልጀምርም። አንደኛው፣ ከሰው ወደ ሰው የሚለያዩትን መረጃዎች ከስክሪፕቱ አውጥቼ በሠንጠረዥ ማስቀመጥ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ሠራሽ ተጠቃሚ ከሠንጠረዡ የራሱን መስመር ያነሣል፣ የጉዞ ቀኑም ስሙም ይለያያል። ወንበሩን ግን ከሠንጠረዥ አልሰጠውም፤ ልክ እንደ ሰው የወንበሮቹን ዝርዝር አይቶ ከክፍቶቹ እንዲመርጥ አደርገዋለሁ። እውነተኛው ተጓዥ ብዙውን ጊዜ የሚሻማው ለፊተኞቹ ወንበሮች ነውና ሰው ሠራሾቹም ወደዚያ ቢያደሉ ድረ ገጹ ሁለት ሰው አንድን ወንበር በአንድ ቅጽበት ሲጠይቁት የሚያደርገውን ለማየት ይረዳል። ሁለተኛው፣ የምላሹን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ይዘቱን ማስመርመር ነው፤ «ትኬትዎ ተይዟል» የሚለው ቃል ከሌለበት 200 ቢልም ያልተሳካ ተብሎ ይቆጠራል።

ያ ረጅም የፊደል ድርድር ምንድን ነው?

ጤና ጣቢያ ስንሄድ ካርድ ክፍሉ የተራ ቁጥር ይሰጠናል። ቁጥሩን ይዘን ሐኪሙ በር ላይ ስንደርስ ነርሷ ቁጥሩን አይታ ታስገባናለች። በትናንቱ ቁጥር ዛሬ የሚመጣ ሰው አይገባም፤ የጎረቤቱን ቁጥር ይዞ የመጣም እንዲሁ።

ድረ ገጾችም ይህን ያደርጋሉ። የወንበሮቹን ገጽ ሲልክልን ሰርቨሩ በገጹ ውስጥ ለእኛ ብቻ የተዘጋጀ ድርድር ይደብቃል፤ ቶከን ይባላል። ወንበሩን ስንይዝ ብራውዘሩ ቶከኑን መልሶ ያቀርባል፤ ሰርቨሩም ጥያቄው እሱ ራሱ ከላከው ገጽ የመነጨ መሆኑን በዚህ ያረጋግጣል። ይህም ሌላ ተንኮለኛ ድረ ገጽ በእኛ ስም ትእዛዝ እንዳይልክ የሚከላከል ጥበቃ ነው። በቅጂው ውስጥ ያለው ቶከን ታዲያ የትናንት ተራ ቁጥር ነው። ለዋጩ ይህን አያውቅም፤ ለእሱ ቶከኑም የጉዞው ቀንም እኩል ጽሑፍ ስለሆኑ ሁለቱንም እንዳሉ ይገለብጣቸዋል።

መፍትሔው ቶከኑን ከተወለደበት ቦታ መከተል ነው። በቅጂው ላይ ድርድሩን ገልብጦ በሙሉው ፋይል ውስጥ መፈለግ ያስፈልጋል፤ በጥያቄ ውስጥ ከመታየቱ በፊት በሆነ ምላሽ ውስጥ መገኘቱ አይቀርም። ለዋጩ የሚጥላቸው ምላሾች ለእኛ የሚያስፈልጉን ለዚህ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ሃር ፋይል ከልወጣው በኋላ መሰረዝ አይገባም። ምንጩ ከታወቀ በኋላ ስክሪፕቱን «ከዚህ ምላሽ ውስጥ ይህን ድርድር አውጣ፣ በዚያ ጥያቄ ውስጥ ተካው» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ጄሜትርም ኬ ሲክስም ለዚህ የተዘጋጀ አሠራር አላቸው።

በእኔ ግምት ከሙሉው ሥራ ግማሹን ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው። እንዲህ የሚደበቁት ድርድሮችም አንድ ብቻ አይደሉም፤ የመግቢያው ፈቃድ አለ፣ የትእዛዙ መለያ አለ፣ የክፍያው መለያ አለ። የትኞቹ እንደሚለዋወጡ ለማወቅ የሚጠቅም ቀላል ዘዴ አንድን ጉዞ ሁለት ጊዜ መቅዳትና ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን ማነጻጸር ነው። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የሆነው ሊቀመጥ ይችላል፤ የተለያየው ግን ወይ ከሠንጠረዥ የሚመጣ፣ ወይ ከምላሽ የሚወጣ፣ አለዚያም ሰዓትን የመሰለ በየጊዜው የሚሰላ ነገር ነው።

ስንት ሰው ሠራሽ ተጠቃሚ ያስፈልጋል?

«500 ሰው ይችላል?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይቀርብልኛል። ጥያቄው ሙሉ አይደለም፤ በቀን 500 ነው፣ በሰዓት ነው፣ ወይስ በአንድ ጊዜ ገጹ ላይ ያሉት ናቸው?

እ.ኤ.አ. በ1961 ጆን ሊትል የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር በማስረጃ ያረጋገጡት አንድ ቀላል ስሌት አለ። በአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ሰው በአማካይ ሲታይ፣ በደቂቃ የሚመጣው ሰው እያንዳንዱ በሚቆይበት ደቂቃ ሲባዛ የሚገኘው ነው። በሥራ በበዛበት ሰዓት 1,800 ሰው ይመጣል እንበል፤ በደቂቃ 30 ማለት ነው። አንድ ሰው ገብቶ እስኪወጣ 4 ደቂቃ ከቆየ በአንድ ጊዜ ገጹ ላይ የሚገኙት 120 ናቸው። ከ60ዎቹ ጥያቄዎች ወደ ራሳችን ሰርቨር የሚሄዱት 18 ብቻ ከሆኑ ሰርቨሩ በደቂቃ 540፣ በሰከንድ 9 ጥያቄ ያስተናግዳል። «1,800 ሰው» ሲባል የሚያስፈራው ቁጥር ሲሰላ ወደዚህ ይወርዳል።

ስሌቱን ሊያበላሸው የሚችለው የማሰቢያ ጊዜ ነው። ሰው ቀኑን አይቶ ያስባል፣ ለቤተሰቡ ይደውላል፣ የክፍያ ቁጥሩን ይፈልጋል። በሃር ፋይሉ ላይ ይህ ጊዜ በተከታታይ ጥያቄዎች መነሻ ሰዓቶች መካከል ባለው ክፍተት ይታያል፤ ሁሉም ለዋጭ ግን ክፍተቱን ይዞ አያልፍም። ክፍተቱ ከጠፋና አንዱ ሰው ሠራሽ ተጠቃሚ የ4 ደቂቃውን ጉዞ በ6 ሰከንድ ከጨረሰው፣ እየጨረሰም እንደገና ከጀመረ፣ 120ዎቹ በሰከንድ 20፣ በደቂቃ 1,200 ጉዞ ያደርጋሉ። ይህ ከእውነተኛው 40 እጥፍ ነው። በዚህ ሙከራ የወደቀ ሰርቨር ስለ ግሸን ምንም አልነገረንም፤ ባለቤቱ ግን ያላስፈለገውን ትልቅ ሰርቨር ሊከራይ ይችላል፤ የሰርቨር ኪራይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ስለሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም። ክፍተቱ በሁሉም ላይ ልክ እኩል ከሆነም ትክክል አይመጣም፤ ሁሉም በአንድ ቅጽበት እየጠየቁ በአንድ ቅጽበት ዝም ይላሉ። በተቀዳው ክፍተት ዙሪያ ከፍና ዝቅ እንዲል ማድረግ ያስፈልጋል።

ሌላም ረቂቅ ነገር አለ። ቁጥራቸው የተወሰነ 120 ተጠቃሚዎች ሰርቨሩ ሲዘገይ ምላሽ እየጠበቁ ስለሚቆሙ የሚልኩት ጥያቄ ራሱ ይቀንሳል፤ ጫናው ለሰርቨሩ ያዝንለታል ማለት ነው። እውነተኛው ተጓዥ ግን ድረ ገጹ ስለዘገየ መምጣቱን አይተውም፤ በየደቂቃው ሌላ 30 ሰው ይጨመራል። ስለዚህ ለበዓል ሰሞን ሙከራ መሣሪያውን «120 ተጠቃሚ ያዝ» ከማለት «በየደቂቃው 30 አዲስ አስገባ» ብሎ ማዘዝ ወደ እውነቱ ይቀርባል።

የምንፈትሸው የማንን ሰርቨር ነው?

ከ60ዎቹ ጥያቄዎች 42ቱ ወደ ሌላ ሰው ሰርቨር የሚሄዱ መሆናቸውን አንርሳ። ካርታው፣ የፊደሉ ቅርጽ፣ የጎብኚ መቁጠሪያው የሌሎች ኩባንያዎች ናቸው፤ የክፍያው ገጽ ደግሞ ቴሌብር ወይም ሌላ የክፍያ አገልግሎት ሰጪ ዘንድ ይሆናል። ቅጂው እንዳለ ከተባዛ እነዚህን ሁሉ ሳናስፈቅድ እንመታለን። ስለዚህ ከልወጣው በፊት ከራሳችን አድራሻ በቀር ሌላው በሙሉ ተለይቶ መውጣት አለበት፤ ክፍያውም በማስመሰያ ምላሽ ይተካል፤ አጭር የስልክ መልእክት የሚልከው ክፍልም ይዘጋል፤ አለዚያ በሠንጠረዡ ላይ ስልኩ የሰፈረ ሰው በሌሊት መልእክት ሲዘንብበት ያድራል።

ነገሩ የጨዋነት ብቻ አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የኮምፒውተር ሥርዓትን መደበኛ ተግባር ማወክን በወንጀል ያስቀጣል። የራስ ባልሆነ ድረ ገጽ ላይ በጽሑፍ ፈቃድ ሳይያዝ የጫና ሙከራ ማካሄድ «ለትምህርት ነው» በሚል ምክንያት አይታለፍም። ለመማር የሚፈልግ ተማሪ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ትንሽ ድረ ገጽ ሠርቶ እሱኑ ቢፈትሽ ሁሉንም ነገር ይማርበታል።

ፋይሉን ለሌላ ሰው መላክ ምን ጉዳት አለው?

ሃር ፋይል ኩኪዎችንና የመግቢያ ፈቃዶችን፣ አንዳንድ ጊዜም የይለፍ ቃልን ራሱን ይይዛል። ፈቃዱ ጊዜው ሳያልፍ ፋይሉን ያገኘ ሰው የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ በእኛ ስም ሊገባ ይችላል። ይህ በግምት የሚነገር ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኦክታ የተባለው የመግቢያ አገልግሎት ሰጪ የደንበኞች ድጋፍ ክፍሉ ሲሰበር፣ ደንበኞች ለችግር መፍቻ ልከዋቸው የነበሩ ሃር ፋይሎች በሰርጎ ገቦች እጅ ገቡ። ኩባንያው እንዳስታወቀው የ134 ደንበኞች ፋይሎች የተነኩ ሲሆን ሰርጎ ገቦቹ ከፋይሎቹ ባገኙት ፈቃድ በአምስቱ ስም መግባት ችለዋል። ክሮም ከዚያ ወዲህ ፋይሉን ሲያወጣ ኩኪዎችንና የመግቢያ ማስታወሻዎችን እንዲያስቀር ተደርጓል፤ ይሁንና በቅጹ የተላኩ መረጃዎችና በምላሾች ውስጥ የተደበቁ ቶከኖች አሁንም ሊቀሩ ይችላሉ።

ስለዚህ ቅጂው የሚቀዳው ለሙከራ ብቻ በተከፈተ መለያ፣ በእውነተኛ ሰው ስልክ ሳይሆን በማስመሰያ ቁጥር ነው፤ እንደተቀዳም ከመለያው መውጣትና የይለፍ ቃሉን መቀየር ይገባል። በቴሌግራም ቡድን ላይ «ለምን አይሠራልኝም» ተብሎ የሚለጠፍ ሃር ፋይል ባየሁ ቁጥር ለለጠፈው ሰው በግሉ እጽፍለታለሁ።

ውጤቱስ እንዴት ይነበባል?

መሣሪያው ሲጨርስ ብዙ ቁጥሮች ያወጣል፤ መጀመሪያ የሚታየው አማካዩ ነው፤ አማካይ ግን ይሸፍናል። ከ100 ሰዎች 95ቱ አንድ ሰከንድ፣ 5ቱ 40 ሰከንድ ቢጠብቁ አማካዩ 3 ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ እነዚያ 5ቱ ግን ገጹን ዘግተው ወደ መናኸሪያ ሄደዋል። ስለዚህ ሰዎቹን በጠበቁት ጊዜ ቅደም ተከተል አሰልፎ 99ኛው ስንት እንደጠበቀ መጠየቅ ይሻላል።

ሙከራው የሚለካው ሰርቨሩ ምላሹን እስኪሰጥ ያለውን ጊዜ መሆኑም አይዘንጋ። እነዚህ መሣሪያዎች በዚህ ዓይነት ሙከራ ገጹን አይስሉም፣ በገጹ ላይ ያለውን ጃቫስክሪፕትም እንደ ብራውዘር አያስኬዱም። በአሮጌ ስልክ፣ በደከመ ሞገድ ገጹን ከጦሳ ተራራ ሥር የሚከፍተው ሰው ከዚህ በላይ ይጠብቃል፤ የእሱን ጊዜ ለማወቅ በዚያው ስልክ በሙከራው መካከል ገጹን ከፍቶ ማየት ነው። እኔም ሙከራው በሚካሄድበት ጊዜ አንድ ሰው በእጁ ትኬት እንዲገዛ አስቀምጣለሁ።

አምና ሙከራውን አርሜ ስደግመው ድረ ገጹ ጫናው ሙሉ ሳይደርስበት ተንገዳገደ። የዘገየው ክፍያው ነው ብለን ጠብቀን ነበር፤ የዘገየው ግን የወንበሮቹ ዝርዝር ነው፤ አንድ ሰው ዝርዝሩን በከፈተ ቁጥር ሰርቨሩ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ የተሸጡትን ትኬቶች ሁሉ ያገላብጥ ነበር። የዚያን ቀን ጉዞ ብቻ እንዲፈልግ የሚያደርግ ማውጫ በዳታቤዙ ላይ ሲጨመር ዝርዝሩ ቶሎ መከፈት ጀመረ። አንድ ከሰዓት በኋላ የፈጀ ሥራ ነበር።

ድረ ገጹ በተለወጠ ቁጥር ቅጂው ያረጃል፤ አንድ አዲስ ገጽ ቢጨመር ወይም የቶከኑ ስም ቢለወጥ ስክሪፕቱ ዝም ብሎ የተሳሳተ ነገር መፈተሹን ይቀጥላል። ስለዚህ ለግሸን የሚዘጋጅ ሰው በነሐሴ አጋማሽ እንደገና ይቀዳል፤ የሚታረም ነገር ቢገኝ ጳጉሜን ጨምሮ ከአንድ ወር በላይ ይቀረዋል።